የሁለት ሹራብ አራት እጅጌዎች

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ታክሲ የምጠብቅበት ቦታ ላይ አዲስ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ተከፍቶ አየሁ። እኔ ሱቅ ማየት አልወድም፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚጎድለኝን ነገር የትኛውም ሱቅ አይሸጠውም። ያን ቀን ግን ከመስታወቱ ጀርባ አንድ የላስቲክ እግር ብቻውን ቆሟል። ከጭኑ አጋማሽ እስከ ባቱ ድረስ ጥቁር ነገር ለብሷል። ምን እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ታክሲው መጣ፣ ረዳቱ ጮኸ፣ ሄደ፤ እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሻጯ ወጣት ልጅ ናት። ሽበቴንና ከዘራዬን አየት አደረገችና፣

“አባባ፣ ጉልበትዎን አምዎት ከሆነ የሕመሙ ሌላ ነው። ይሄ የቢስክሌተኛ ነው፣ ለብርድ” አለችኝ።

“የቢስክሌተኛ መሆኑን አይቼ ነው የገባሁት። ይወርዳል?”

“ኧረ አይወርድም! ይዩት” ብላ ጫፉን ገለበጠችልኝ። ከውስጥ በኩል ሙጫ የመሰለ ነገር ዙሪያውን ደርቆበታል። “ሲሊኮን ነው። ቆዳ ይይዛል። ለራስዎ ነው?”

“ለጓደኛዬ ነው። እኩያዬ ነው።”

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሜትር አወጣች። “እንግዲያው ልኩን ማወቅ አለብን። ጭናቸውን ከጉልበታቸው ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ባታቸውን ደግሞ ከወፍራሙ ዝቅ ብሎ። ቆመው ግን አይለኩ፤ ጉልበታቸውን አጥፈው ነው።”

“ይህን ማን አስተማረሽ?”

“ካርቶኑ ላይ ተጽፏል አባባ።”

ጉድ ነው። ጓደኛዬ ለሜሳ በገዛ ጭንቅላቱ የደረሰበትን ነገር ካርቶን ላይ አትመው ይሸጡታል። ልኩን በግምት ነገርኳትና አንድ ጥንድ ገዛሁ። ዋጋውን አልናገርም፤ እኛ በዚያ ገንዘብ ስንት ቢስክሌት እንገዛ እንደነበር ብናገር የሚያምነኝ የለም። ከሱቁ ስወጣ ግን ደስ አላለኝም። ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥዬ ቆሜ፣ ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ሳልናገር የቆየሁትን ነገር እንግዲህ ልናገር ነው ብዬ ፈራሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ የማስታውሰው በልብስ ነው። ቴትሮን ሱሪ ገብቶ ካኪ የለበሰ ሰው ገጠሬ መባል የጀመረበት፣ ሱሪው ግን ከታች ገና መስፋት ያልጀመረበት ጊዜ ነው። ሰበታ ያኔ መንገዱና የመንገዱ ዳርና ዳር ነበረች። ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ ወዲያ ክረምት ከበጋ የሚረጥብ ሜዳ። ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች ከጅማ በኩል ቡና ጭነው እያቃሰቱ ይመጡና ሻይ ቤቶቹ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሾፌሮቹ በአስር ሳንቲም ሻይ ጠጥተው፣ ፓስቲ ገምጠው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ወደ አለምገና መውጫ ጥጉ ላይ የነበረው ሻይ ቤት ራዲዮውን ከደጅ ይሰቅለው ነበርና፣ እሁድ ከሰዓት ዘፈን ሲጀመር ግማሹ ከተማ እዚያ ግድግዳ ላይ ይደገፋል። በቀደም ያ ጥግ የት እንደነበር ለልጄ ላሳያት ሄጄ ለራሴም ጠፋኝ። ብሎኬት ማምረቻ ነው መሰለኝ አሁን የቆመበት። ልጄም “እሺ አባዬ፣ ቆንጆ ነበር ማለት ነው” ብላ ሰዓቷን አየች።

ለሜሳን ያወቅሁት በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፣ ፈትል ክፍል። ከሥራ ሲወጣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የጥጥ ብናኝ ተቀምጦበት ሽማግሌ መስሎ ነው የሚወጣው፤ ያስለውም ነበር። እኔ እህል መጋዘን ሚዛን ጸሐፊ ነበርኩ። ሁለታችንም ቢስክሌት ነበረን። የእኔን አጎቴ ከአስመራ ያመጣልኝ ነው። የእሱን ራሱ ነው የሠራት፤ አካሏን ኮልፌ ካለ የአንድ ጣሊያን መካኒክ የቁርጥራጭ ክምር ውስጥ፣ ጎማዎቿን ከሌላ፣ ኮርቻዋን ከሌላ አገኘ። ጠዋት ሥራ ሳንገባ ተፍኪ ድረስ ሄደን እንመለሳለን። ሜዳ ላይ እኩል ነን። ዳገት ሲመጣ ግን እኔ ከኮርቻዬ ተነስቼ ስውተረተር እሱ ቁጭ ብሎ፣ እያፏጨ ያልፈኛል። ዞሮም “ና እንጂ ታዬ! ሚዛን ላይ ነህ እንዴ?” ይለኛል። እስቃለሁ። ውስጤ ግን አይስቅም ነበር፤ ይህንንም ዛሬ ነው የምናገረው።

ለሜሳ አንድ ችግር ነበረበት። ጉልበቱ ብርድ አይችልም። ሲበርደው ይቆለፍበታል፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚስተካከለው የለም። የጉልበት ሹራብ የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁላችንም ሳልባጅ ሹራብ እንገዛና እጅጌዎቹን ከብብቱ ላይ እንቆርጣለን። በብብቱ በኩል ያለው ሰፊው ጫፍ ጭን ላይ ይውላል፣ የእጅ አንጓው ጠባብ ጫፍ ባትን አልፎ ይይዛል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደን ሰፊውን ጫፍ አጥፎ ላስቲክ ያስገባበታል። የቀረው አካል፣ እጅ የሌለው ሹራብ፣ ለአባት ይሰጣል። ለወንድም አይሰጥም፣ ለጓደኛም አይሰጥም። ማን እንደደነገገው አላውቅም፤ ከእኛ ቀድመው ይነዱ የነበሩት ልጆች ያደርጉት ነበር፣ እኛም አደረግነው። በከተማው ልጁ ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ክንዱ በሸሚዝ የቀረ፣ ደረቱ በሹራብ የሞቀ ሽማግሌ መፈለግ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እርስ በርሳቸው “ዘንድሮም ልጅህ እጅህን ቆረጠህ?” እየተባባሉ ይቀልዱ ነበር።

እጅጌ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለሜሳ ገበያ ሲወጣ ገዢ አይመስልም፣ ሐኪም ነው የሚመስለው። የእጅ አንጓውን ጫፍ ለጥጦ ይለቀዋል፤ ተመልሶ ካልተሰበሰበ “ዱኤራ፣ ሞቷል” ብሎ ይወረውረዋል። ወደ ብርሃን አንስቶ ጣቱ በሹራቡ ውስጥ ከታየው ነፋስም መንገዱን አያጣም ይላል። ከሁሉም በላይ የሚያምነው ግን ሙከራውን ነው። ሱሪውን ሰብስቦ፣ ሹራቡ ገና ሳይገዛ፣ ሳይቆረጥ፣ እግሩን በእጅጌው ውስጥ ይከትና ሱቁ መሃል ቁጢጥ ብሎ ሦስት አራት ጊዜ ይነሳል ይቀመጣል። “ቆመህ ከለካኸው ሁሉም ልክህ ነው። ቢስክሌት ላይ ማን ይቆማል? የሚያወርደው መታጠፉ ነው” ይለኝ ነበር። ሳልባጁን የምንገዛው ቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ዳር ከነበረው ከጋሽ ነስሩ ሱቅ ነው። ጋሽ ነስሩ ለሜሳን ሲያዩ ገና ከበር ላይ “መጣ! ሹራብ በእግሩ የሚለብሰው መጣ! ኧረ አላህን ፍሩ፣ ይሄን ሌላ ሰው በአንገቱ ነው የሚለብሰው!” ይላሉ። ግን አይከለክሉትም። እሱ ሲነሳና ሲቀመጥ አብረው ይቆጥሩለት ነበር።

እንግዲህ በዚህ መካከል ወሬ መጣ። አዲስ አበባ ያለ አንድ የቢስክሌት ቡድን ሦስት ልጆች ሊጨምር ነው ተባለ። ውድድሩ ታኅሣሥ ውስጥ ነው፤ ከጎጃም በር ተነስቶ፣ የእንጦጦን ጀርባ ወጥቶ፣ ሱሉልታ ደርሶ መመለስ። ሦስት ውስጥ የገባ አዲስ ቢስክሌት ይሰጠዋል፣ መሥሪያ ቤት ውስጥም ሥራ ይገኝለታል። ለእኔ ስም ነበር፣ ሰበታ ላይ የሚወራ ስም። ለለሜሳ ግን ከጥጡ መውጫ ነው። “ታዬ፣ እዚያ ክፍል አንድ ዓመት ከጨመርኩ ሳንባዬ ውስጥ ጋቢ ይሸመናል” ይል ነበር። ይህን ሲል አይስቅም።

ከውድድሩ ሳምንት ቀደም ብሎ እጅጌ ለመግዛት ተቀጣጠርን፤ የእሱ ፈረቃ ተቀየረና ብቻዬን ሄድኩ። “ለእኔም አንድ። ሞክረው ታዲያ፣ ተቀምጠህ” አለኝ። ጋሽ ነስሩ ዘንድ እጅጌ የሚረዝም ሹራብ ሁለት ብቻ ነበር የቀረው፣ ቡናማና ግራጫ። ለሁለቱም የጠየቁኝ እኩል ነው፣ ብር ከስሙኒ ብር ከስሙኒ። ቡናማው ጥቅጥቅ ያለ፣ ገና ሕይወት ያለው ሹራብ ነው። ቁጢጥ ብዬ ተነሳሁ፤ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ግራጫው ሲታይ ያምራል፤ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ቆሜ ሳየው ልክ ነው። ስቀመጥ ግን ጉልበቴ ላይ ተሰበሰበ፣ ስነሳም ወደ ቦታው አልተመለሰም። አራተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ጋሽ ነስሩ ራሳቸው “ይሄ ለእግር አይሆንም፣ ይሄን እንኳ ለአንገት ተወው” አሉኝ። ገዛሁት። ሁለቱንም ገዛሁ።

ሌላ ቀን ተመልሼ መሄድ እችል ነበር። ኮልፌም ሳልባጅ ነበር። ብዙ ጊዜ ለራሴ፣ ጊዜ አጥሮኝ ነው እለዋለሁ። ውሸት ነው። ከቡራዩ እየነዳሁ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አስቤበታለሁ፤ የማስበውም ያን ፉጨቱን ነበር።

ልብስ ሰፊው በዋዜማው ጨረሰልኝ፤ የቀሩትን አካሎች እንደ ልማዱ ቡናማውን ለአባቴ፣ ግራጫውን ለለሜሳ አባት ሰጠሁ። ጎጃም በር ስንገናኝ መሬቱ ላይ ውርጭ ነበር፤ የተሰለፉት ልጆች መዳፋቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይዘላሉ። እኔ ቡናማውን ከቤቴ ለብሼው ነው የመጣሁት። ግራጫውን በጋዜጣ እንደተጠቀለለ ሰጠሁት።

“ሞክረሃቸዋል?” አለኝ።

“ሞክሬአቸዋለሁ።”

“ተቀምጠህ?”

“ተቀምጬ። ሁለቱም አንድ ናቸው።”

ለበሰው። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ከኮርቻው ሥር አሮጌ ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ አወጣና ሁለት ቀለበት ቆርጦ ጭኑ ላይ አጠበቀው። “አሁን ይይዛል” አለና ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ዳገቱን ሲወጣ ያየ ሁሉ አይረሳውም። ሃያ ምናምን ልጆች ነበርን፤ ከእንጦጦ ጫፍ ስንደርስ ከፊቱ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሱሉልታ ሜዳው ነጭ ነው፣ ሣር የጫኑ መኪኖች ዳር ይዘው ቆመዋል፣ ወተት የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ያዩናል። መዞሪያው ላይ ደርሼ ሳየው ከቢስክሌቱ ሳይወርድ በአንድ እጁ ጭኑን ያሻል። ላስቲኩ ደሙን ይዞበት እግሩ ደንዝዟል። በጣቶቹ ታግሎ ሁለቱንም ቀለበቶች በጥሶ ጣላቸው። ከዚያ ጀምሮ ግራጫው መውረድ ጀመረ። ከኋላው ሆኜ አያለሁ። ይስበዋል፣ ይወርዳል፤ ይስበዋል፣ ይወርዳል። ጉልበቱ ተራቁቶ ነፋሱ ይመታዋል። ከጫፉ አልፈን ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ቁልቁለት ስንጀምር ገና ሦስተኛ ነበር። የቀኙ እጅጌ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶ ካቴናው፣ የቢስክሌቱ ሰንሰለት፣ ሊነክሰው ሆነ። ለሜሳ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ጎንበስ አለ። መታጠፊያው ላይ ጠጠር ነበር። ቢስክሌቱ ከሥሩ ሄደ፣ እሱ ቦዩ ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ በጉልበቱ አረፈ።

“ታዬ!” ብሎ ጠራኝ። አንድ ጊዜ ነው የጠራኝ።

ፍሬን አልያዝኩም። ከኋላ መኪና አለ፣ ያነሱታል አልኩ። በእርግጥም አነሱት። እኔ ስድስተኛ ወጣሁ። የወሰዱት ሦስት ነው።

ሆስፒታል ሁለት ወር ከምናምን ተኛ። ሲወጣ የቀኝ ጉልበቱ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀርቷል፤ አይታጠፍም። ፋብሪካው ቀጥ ያለ እግር ያለው ሰው ማሽን መካከል መቆም አይችልም ብሎ አሰናበተው። ከጥጡ ወጣ ማለት ነው። አባቱ ግቢ በር ላይ ተቀምጦ የሌሎችን ጎማ መለጠፍ ጀመረ። ሊያጫት ያሰባት ልጅ ነበረች፣ ቤተሰቦቿ ለሌላ ዳሯት። ስንት ልጅ ሲነዳ አይቶ፣ ስንቱን ከመነዳሪ ለጥፎ፣ ደርግ መጥቶ፣ ደርግ ሄዶ፣ እሱ እዚያው በር ላይ ነው። እኔ ቢስክሌቴን በዚያው ዓመት ሸጥኩ፣ ትዳር ያዝኩ፣ አዲስ አበባ ገባሁ። እሁድ እሁድ ግን እሄድለታለሁ። ጥሩ ሰው ነው ይሉኛል ሰበታዎች፤ ጓደኛውን ያልረሳ። ይህን በሰማሁ ቁጥር መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ትናንት እሁድ ፌስታሌን ይዤ ሄድኩ። የኦቦ ደበላ፣ የአባቱ፣ ግቢ ዛሬ በሁለት መጋዘን መካከል ተጣብቆ ቀርቷል፤ ፀሐይ የሚያገኘው በቀን ጥቂት ሰዓት ነው። ለሜሳ በዚያችው ፀሐይ አግዳሚ ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

“አካም ጅርታ፣ ታዬ?”

“ፈያ፣ እንዴት ሰነበትክ?” ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዕቃውን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ገለበጠው። የውስጡን ሙጫ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ጫፉን ለጥጦ ለቀቀው፤ ተመልሶ ተሰበሰበ።

“ይሄ አልሞተም” አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ያኔ ነገርኩት። “ለሜሳ፣ ጎጃም በር ላይ ዋሽቼሃለሁ። ሁለቱ አንድ አልነበሩም። ግራጫው እንደሚወርድ ቡራዩ ላይ ሞክሬ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የሰጠሁህ” አልኩት።

ዕቃውን ማገላበጡን አላቆመም።

“አውቃለሁ” አለ።

“ምን? ከመቼ ጀምሮ?”

“አባቴ ሹራቡን ካሳጠበ ቀን ጀምሮ። አንድ ጊዜ ታጥቦ ጉልበቱ ላይ ደረሰ። እየጎተተው ነበር የሚሄደው። ያንተ አባት ቡናማውን ስንት ዓመት ለበሱት? ልክክ እንዳለባቸው ነው የሞቱት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመለሱ እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ አያቸዋለሁ። ሁልጊዜ እሁድ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም? ለምን አልሰደብከኝም?”

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

“ብናገር ትመጣ ነበር?” አለኝ። “እኔ ዘንድ ከአንተ በቀር ማን ይመጣል?”

አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም። ልጅ እንደሚያባብል ሰው፣ “ማል ጎና፣ ምን እናደርጋለን፣ በል አልብሰኝ፤ ገዝተህ አምጥተህ የለ” አለኝ። ተንበርክኬ የቀኙን አጠለቅኩለት። ተረከዙን አልፎ፣ ባቱን አልፎ፣ ያን ደረቅ ጉልበት ሸፍኖ ጭኑ ላይ ልክክ አለ። ጫፉን በጣቴ ዙሪያውን ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ፣

“አይወርድም” አልኩት።

“በምን ይወርዳል?” አለ ለሜሳ፣ የተዘረጋ እግሩን እያየ። “አሁን ግራጫውም አይወርድም።”